ታች የሚቆመው ሰው

ሐምሌ ፫ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.፣ መቱ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለመጋዙ ነው፤ ለሌላ ነገር አይደለም። ድልድዩን ሲሠራ የከረመው ፈረንጅ ሚስተር ሉንድ ወደ አገሩ ሲመለስ የሞተር መጋዙን ለእኔ ሰጥቶ፣ እኔ የሠራሁትን የዋንዛ ቁም ሣጥን በለውጡ ወሰደ። ከመጋዙ ጋር አንድ መጽሐፍ አለው። ቋንቋው አይገባኝም፤ ሥዕሎቹ ግን ይገባሉ። በአንደኛው ሥዕል ላይ አንድ ሰው እግሩን ሲቆርጥ ይታያል፤ በላዩ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። እግር መቁረጥ ክልክል ነው ማለት ይመስለኛል።

ሚስተር ሉንድ ያሳየኝን ሳልረሳ ልጻፈው። አንድ ጣሳ ዘይት ለሃያ ጣሳ ቤንዚን፤ በደንብ ይበጠበጣል። ገመዱ ሦስት ጊዜ ይሳባል፤ በአራተኛው ይነሣል። ካልተነሣ ካንዴላው ተፈትቶ ይጠረጋል። የሰንሰለቱ ጥርስ በክቡ ሞረድ ሰያፍ ተደርጎ ይሳላል። አንድ ሰው ብቻውን ይሠራል። ይህን የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ ነው የነገረኝ፤ ጣቱንም አንስቶ አሳየኝ።

ሐምሌ ፬

ሰንበት ስለሆነ ሥራ የለም። ነገር ግን ሰው ሁሉ መጋዙን ልይ እያለ ስላስቸገረኝ ከቅዳሴ በኋላ ደጄ ላይ አስነሣሁት። በአሥራ አንደኛው ተነሣ። የጎረቤቶቻችን ዶሮዎች እስካሁን አልተመለሱም።

ጎንፋም መጥቶ ነበር። ጎንፋ ሃያ አንድ ዓመት አብሮኝ ጣውላ የሰነጠቀ ሰው ነው። ጣልያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ከቤቴ ጀርባ ጉድጓድ ቆፈርን፤ ግንዱን በጉድጓዱ ላይ እናጋድማለን፤ እኔ ግንዱ ላይ ቆሜ ትልቁን መጋዝ ወደ ላይ እስባለሁ፤ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ ወደ ታች ይስባል። ላይ የሚቆመው መስመሩን ያያል። ታች የሚቆመው ሰጋቱራውን ይበላል። ማን ላይ፣ ማን ታች ይሁን ብለን ተነጋግረን አናውቅም፤ እንዲሁ ሆነ።

ሞተሩ ሲጮኽ ሰው ተሰበሰበ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ስለ ነበር አንዲት ቀልድ ጣል አደረግሁ። ሰው ሳቀ። ጎንፋ ቶሎ ወደ ቤቱ ሄደ። ላሙ ልትወልድ ነው መሰለኝ።

ሐምሌ ፭

ጎንፋ ሥራ አልመጣም። ጴጥሮስ ወጳውሎስ ስለሆነ ይሆናል። እርግጥ ጎንፋ የሚሄደው የሚስዮኖቹ ጸሎት ቤት ነው፤ ጴጥሮስ ወጳውሎስን አክብሮ አያውቅም።

ሐምሌ ፯

አልመጣም።

ሐምሌ ፰

አልመጣም። ሞረዶቹ ሁሉ እሱ ቤት ናቸው፤ መጋዙን የሚስለው ሁልጊዜ እሱ ነው። ዘንድሮ ሲስል መጋዙን አፍንጫው ድረስ ያስጠጋዋል፤ እኔም «ልታሸተው ነው?» እያልኩ እቀልድበት ነበር። ለማንኛውም ሞተሩ የራሱ ሞረድ አለው። ችግር የለም።

ሐምሌ ፲፪

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር አቶ ሙሉብርሃን መጣ። ገና ልጅ እግር ነው፤ ግን ኮሌታውን አንድ ቀን ሳይቆልፍ አይቼው አላውቅም። አዲሱ ክፍል ተሠርቶ አልቋል፤ የሚቀመጡበት ግን የለም። ባለፈው ዓመት ተማሪዎቹ ከወንዝ በተለቀመ ድንጋይ ላይ ነበር የተቀመጡት። ጥቅምት ሳይጋመስ አርባ አግዳሚ ወንበር እፈልጋለሁ አለ።

«ጣውላው ሳይደርቅ ከተሠራ ይጣመማል» አልኩት።

«ጋሼ ሸዋንግዛው፣ ልጆቹም ጎብጠው ሲጽፉ ይጣመማሉ። አብረው ይጣመሙ።»

ለአርባ ወንበር ቃል ሰጠሁ። በጉድጓዱ ቢሆን አልደፍርም ነበር። ሲወጣ ወደ ጀርባ አየት አደረገና «ጋሼ ጎንፋ የሉም እንዴ?» አለ።

«ላሙ ወልዳለች።»

«ላማቸው አምና ሞተች አላሉም?»

ሌላ ላም ነች አልኩት። ሌላ ላም የለውም።

ሐምሌ ፲፰

የወደቀ እንጨት የመሰንጠቅ ፈቃድ ከጽሕፈት ቤት ተቀበልኩ። ጸሐፊው «ራሱ የወደቀ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ብሎ ግማሽ ቀን ያዘኝ። «ሥሩ ተነቅሎ ወደ ሰማይ ያያል» አልኩት። «ሥሩ ወደ ሰማይ የሚያይ» ብሎ ጻፈልኝ። ማኅተም አለው።

መገርሳ የሚባል የቀን ሠራተኛ ይዤ ከከተማው በታች ወንዙ ዳር የወደቀ ብሳና ዘንድ ሄድን። ሞተሩ በዘጠነኛው ተነሣ። ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆረጥሁት፤ እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው። ግንዱ እንደ ተለየ ግን ያ ሁሉ ሥርና አፈር ከነጉቶው ብድግ ብሎ ተመልሶ በቦታው ቆመ። መገርሳ ካፖርቱንና ምሳውን ከሥሩ ጀርባ ካለው ጉድጓድ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። አሁን ዛፉ ይዟቸዋል። ብንቆፍርም አላገኘናቸውም።

መገርሳ ጉቶውን ሲያይ ቆየ። ከዚያ «እኔ እዚያ ብቀመጥስ?» አለኝ።

ጎንፋ ሁልጊዜ «ከሥሩ ጀርባ ማንም አይቁም» ይላል። ሃያ አንድ ዓመት ስላለው መስማት ትቼ ነበር።

ሐምሌ ፳፪

የብሳናውን ግንድ ለመሰንጠቅ ሞከርኩ። ከሰል የተቀባ ሲባጎ ወጥሬ መስመር አወጣሁ፤ ሞተሩን አስገባሁ። መቁረጥና መሰንጠቅ ለየቅል ነው። ሲቆርጥ እንደ ቅቤ፤ ሲሰነጥቅ እንደ ድንጋይ። ይጨሳል፤ ያቃስታል፤ መስመሩን ትቶ ወደ ግራ ይሄዳል። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንድ ጣውላ ወጣ። በአንድ በኩል አራት ጣት፣ በሌላው አንድ ጣት ነው፤ መሐሉ ደግሞ ጎድጉዷል።

ባለቤቴ አበባየሁ ዙሪያውን ዞራ አየችው። «ይሄ ለበቅሎ ኮርቻ ይሆናል» አለች።

ሐምሌ ፳፯

ሁለት ጣውላ። ሁለቱም ኮርቻ።

ነሐሴ ፩

ዝናብ። ጾም ገባ። ሞተሩ አልነሣም አለ። ካንዴላ ጠረግሁ። ተነሣ። ጠፋ። ጠረግሁ። ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው። መገርሳ አዲስ ካፖርት ይጠይቃል።

ነሐሴ ፬

ዛሬ ገበያ ላይ ጎንፋን አገኘሁት። ከጨው ተራው በኩል ወደ እኔ መጣ፤ ከዚህ እስከ በሩ ያህል ነበር የምንራራቀው። ፊት ለፊት አየኝ። ሰላም እስኪለኝ ቆሜ ጠበቅሁ። ፊቱ እንኳ ሳይለወጥ እንደ ግንድ ጥሎኝ አለፈ። ወዲያው ዘይት ሻጯ «አካም ጅርታ፣ ጎንፋ?» ስትለው ቆሞ ከእናቷ ጤና እስከ ጥጃዋ ድረስ ጠየቃት።

አዘንኩ። እዚህ ላይ ልጻፈው፤ አዘንኩ። ሰው በአንድ ቀልድ እንዲህ ይሆናል? ቆሜ መጠበቄ ስህተት ነበር። እኔም ማለፍ ነበረብኝ።

ነሐሴ ፱

ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኛል፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

አበባየሁ ጎመን እየቀረደደች «ያን ቀን ምን ነበር ያልከው?» አለችኝ።

«የቱን ቀን?»

«ሰው የሳቀ ቀን።»

«ቀልድ ነው። ስለ ጉድጓዱ።»

«ስለ ጉድጓዱ ብቻ?»

ጎመኑን ስትቀረድድ ቢላው ከወትሮው ይበልጥ ይጮኽ ነበር። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለች፤ ለጎመኑ ይሁን ለእኔ አላውቅም።

እውነቱን ለመናገር ሰው ሲሰበሰብ እወዳለሁ። ግንዱ ላይ ስቆምም አላፊ አግዳሚው ያየኛል፤ አንዳንዴም መጋዙን እየሳብኩ አንጎራጉራለሁ፤ ድምፄ ጥሩ አይደለም፤ ግን መጋዙ ስለሚጮኽ ማንም አይሰማም። ያን ቀን ደግሞ ሞተሩን ይዤ፣ አገሩ ሁሉ እያየኝ፣ አፌ ቀደመኝ። ማንም ሰው ይቀድመዋል። ሌላው ሰው ግን ወዲያው ሄዶ «እንዲያው አፌ ነው» ይላል። እኔ አምስት ሳምንት ሆነኝ።

ወንበር እስካሁን ዜሮ።

ነሐሴ ፲፯

ትናንት የጾሙ ፍች ነበር። ከትናንት ወዲያ በነፈሰው ነፋስ ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ፣ በጋሼ ደበሳ መሬት ላይ አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ወድቋል ሲሉኝ ሄድኩ። እንዲህ ያለ እንጨት አይቼ አላውቅም። ቅርንጫፉ እስኪጀምር ድረስ ሃያ አምስት እርምጃ፣ አንድ ጉጥ የለበትም። አርባው ወንበር እዚያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ማውጣት ብቻ ነው።

ቅርንጫፎቹ መሐል ሁለት ቀፎ አለ። ሲወድቅ አልተሰበሩም፤ ንቦቹም አልሄዱም። የማን እንደሆኑ ከሩቅ አወቅሁ፤ ቀፎውን በሐረግ ሦስቴ የሚያስር ጎንፋ ብቻ ነው።

ጋሼ ደበሳ ዱላቸውን ተመርኩዘው መጡ። እሳቸው የመሬቱ ባለቤት ናቸው፤ ሰማንያ ዓመት ይሆናቸዋል። ማኅተም ያለበትን ወረቀቴን አሳየኋቸው። ገልብጠው አዩት፤ መልሰው ሰጡኝ።

«ወረቀቱ ለእንጨቱ ነው ልጄ። ንቧ ፊደል አልቆጠረችም።»

የአገሩን ሕግ እኔም አውቃለሁ፤ እዚህ ነው የተወለድኩት። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ ሲወድቅ ባለ ቀፎው መጥቶ ንቡን እስኪያነሣ ድረስ ብረት አይነካውም። መሬቱ የማንም ቢሆን፣ ወረቀቱ የማንም ቢሆን።

«ለጎንፋ ይንገሩልኝ» አልኳቸው።

«ትናንት ልኬበታለሁ። ‹የሚመጣ ሰው አለ፤ እሱን እጠብቃለሁ› አለ።»

ማንን እንደሚጠብቅ አልገባኝም። ወንድሙ ያዮ ከተማ ነው የሚኖረው፤ ምናልባት እሱን ይሆናል።

ነሐሴ ፳፪

ለጎንፋ የምለውን አዘጋጀሁ። «ጎንፋ፣ እንደምን ከረምክ፤ ስለ ቀፎዎቹ ነበር የመጣሁት።» አይሆንም፤ ለቀፎ ብቻ የመጣሁ ያስመስላል። «ጎንፋ፣ እንዲያው ሳልፍ ነው።» ቤቱ ከመንገድ ዳር አይደለም፤ ማንም አያልፍበትም።

ነሐሴ ፳፬

አጥሩ ድረስ ሄድኩ። ውሻው ጮኸብኝ። ይህ ውሻ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቀኛል። የጎንፋ ሚስት ተጂቱ ከጓሮ ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም አንድ ነገር እንደ ጠፋበት ሰው መሬት መሬት እያየሁ ተመለስኩ።

ጳጉሜን ፪

ነገ ወደ ቀረሮው እሄዳለሁ። ግርጌውን ብቻ ነው የምነካው። ቀፎዎቹ ከጫፉ ናቸው፤ ሃያ አምስት እርምጃ ይርቃሉ። ሕጉ የወጣው ለመጥረቢያ ነው። በዚያ ዘመን ሞተር አልነበረም።

ጳጉሜን ፬

ይህን የምጽፈው በአንድ ዓይን ነው፤ እሱም በግማሹ።

ሞተሩ በአምስተኛው ተነሣ። ደስ አለኝ። ሰንሰለቱ ገና ልጡን እንደ ነካ ግንዱ ከግርጌ እስከ ጫፍ ተንቀጠቀጠ። ሃያ አምስት እርምጃ ለንብ ምንም እንዳልሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ። መገርሳ ከሥሩ ጉድጓድ ርቆ ቆሞ ስለ ነበር ቀድሞኝ ሮጠ። እኔ ሞተሩን ልጥለው ስላልፈለግሁ ይዤው ሮጥኩ፤ እየጮኸ ነበር፤ ንቦቹ ደግሞ ጩኸቱን ተከትለው መጡ። መገርሳ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ይጥሉት!» ይለኛል፤ እኔ «አጥፋልኝ!» እለዋለሁ። በዚህ ዓይነት እስከ ወንዙ ደረስን።

በመቱ የሳቀ እንጂ ያልሳቀ የለም። አቶ ሙሉብርሃን ሊጠይቀኝ መጥቶ ፊቴን ሲያይ ኮሌታውን ፈታ። ስለ ወንበሮቹ ሳያነሣ ሄደ፤ ይህ ከንቡ ይበልጥ አመመኝ።

አበባየሁ ፊቴን በቅጠል እያሸች «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለች።

ጳጉሜን ፭

ተጂቱ ልትጠይቀኝ መጣች። የተኛሁ መስሏቸው ከመጋረጃው ወዲያ ከአበባየሁ ጋር አወሩ። ያወሩትን በደንብ አልሰማሁም። የሰማሁት ይህን ነው።

አበባየሁ «ጎንፋ ሲሰማ ሳቀ?» አለች።

«አልሳቀም። ‹ዓይኑ እስኪገለጥ ስንት ቀን ይፈጃል?› አለኝ። ‹ሦስት ቀን› አልኩት። ‹እሱስ ታድሎ› አለ።»

«ምን ማለቱ ነው?»

ተጂቱ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእሱ ከገና ወዲህ ጨርሶ ጉም ለብሷል። ሰጋቱራው ነው። ሃኪም ቤትም ወስጄው ነበር። ገበያ ሲሄድ ሰው የሚለየው በድምፅ ነው፤ ሰላም ያላለውን አያውቀውም። ‹ለሸዋ እንዳትነግሪው፤ ወደ ላይ አውጥቶኝ እሱ ታች ልግባ ይላል፤ ወገቡ ደግሞ አይችልም› ብሎ አስምሎኝ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት። በኋላ ሸዋ ያን ነገር በሰው ፊት ሲናገረው ዓይኑን አውቆበት ያባረረው መሰለው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን እውነትም አልሰማሁም። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ እብጠቱ ያማል።

መስከረም ፩ ቀን ፲፱፻፶፰

ልጆች አበባ ይዘው መጡ። ፊቴን አይተው ሳይዘፍኑ ሄዱ።

መስከረም ፫

ዛሬ ወደ ጉድጓዱ ወረድኩ። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ገብቼበት አላውቅም። ዝናቡ እስከ ጉልበት ሞልቶታል። በላዩ አንድ አሮጌ ግንድ ተጋድሞ ቀርቷል። ታች ሆኜ ቀና አልኩ። የሚታየው የግንዱ ሆድ ነው፤ በሁለቱ ጎን ቀጭን ሰማይ። ላይ የሚቆመው ሰው ጫማው ብቻ ይታያል። ትንሽ ቆሜ ቀረሁ። ከላይ የተንጠለጠለ ሰጋቱራ በዝናብ ረጥቦ ዓይኔ ላይ ጠብ አለ፤ ያበጠው ላይ።

ቀልዱ እንዲህ ነበር። ሞተሩን እንደ ያዝኩ ወደ ጎንፋ ዞሬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ከእንግዲህ ታች የሚቆም ሰው አያስፈልገኝም፤ ጉድጓዱንም በሰጋቱራ እሞላዋለሁ» አልኩ። ሰው የሳቀው በዚህ ነው። እኔም ስቄያለሁ።

መስከረም ፮

ሄድኩ። ውሻው ጮኸ። ጎንፋ ደጁ ላይ ተቀምጦ ሐረግ ይጎነጉናል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ድምፅህ አብጧል» አለ። ከዚያ «ታኢ» አለኝ፤ ተቀመጥኩ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። ሐረጉን ሦስቴ ሲያጠማዝር በእጁ ነው እንጂ በዓይኑ አያየውም። የግራ ዓይኑ እንደ ወተት ሆኗል። ይህን ሁሉ ጊዜ ከሱ ጋር ምሳ የበላሁ ሰው ነኝ።

«ስለ ቀፎዎቹ ነው» አልኩ በመጨረሻ።

«አውቃለሁ። ከነሐሴ ጀምሮ እየጠበቅሁህ ነው።» ሐረጉን በጥርሱ በጠሰው። «ንቦቼን አስቆጥተሃቸዋል። አምስት ቀን ይረፉ። ከዚያ እናነሣቸዋለን።»

ያኛውን ነገር አልተናገርኩም። ተጂቱ ቆማ ነበር። ነገ እናገራለሁ።

መስከረም ፲፩

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጎንፋ ንቦቹን አነሣ። ጭስ የሚያወጣ ጨርቅ በእጁ ይዞ ቅርንጫፎቹን እየዳሰሰ ገባ፤ በኦሮምኛ ቀስ እያለ ያናግራቸው ነበር። አንዲትም አልነደፈችውም። ቀፎዎቹን ተሸክመን ከቆመ ዋንዛ ሥር አደረስን፤ መገርሳ ወጥቶ ሰቀላቸው። መገርሳ ይህን የሠራው ራሱን በሁለት ጋቢ ጠቅልሎ ነው።

ጋሼ ደበሳ ዱላቸውን ይዘው ሲያዩ ቆዩና «አንድ እጅ አያጨበጭብም» አሉ። ለማን እንዳሉት አልጠየቅሁም።

አልተናገርኩም።

መስከረም ፲፫

ጎንፋ «ያንን ነገር አምጣ» አለኝ። ሞተሩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት። ሰንሰለቱን በአውራ ጣቱ ጥርስ በጥርስ ዳሰሰው፤ መላ ዙሩን። ለሁለት ወር ያስለቀሰኝን ነገር ለማወቅ አንድ ሲጋራ የሚጨስበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም።

«ይሄ ጥርስ የተሳለው ለመቁረጥ ነው» አለ። «አግድም ለሚቆርጥ ሰያፍ ነው። እኛ ግን ቁመቱን ነው የምንሰነጥቀው። የትልቁን መጋዝ ጥርስ ቀጥ አድርጌ የምስልልህ ለምን ይመስልሃል?»

«ሚስተር ሉንድ ሰያፍ ነው ያለኝ።»

«ሚስተር ሉንድ ድልድይ ነው የሠራው። ጣውላ ሰንጥቋል?»

አልሰነጠቀም። ጎንፋ ሞረዱን ተቀብሎ ሁሉንም ጥርስ ቀጥ አደረገው። ደግሞም ቀጥ ያለ ጣውላ በግንዱ ላይ በሚስማር እንድመታና የሞተሩን ጎን እሱን አስደግፌ እንድነዳ ነገረኝ። ይህ በመጽሐፉ ውስጥ ሥዕል አለው፤ እኔ መሰላል መስሎኝ አልፌው ነበር።

መስከረም ፲፱

መስቀል አልፏል፤ ሥራ። ቀረሮውን ከሥሩ ከመለየታችን በፊት ጎንፋ «ከሥሩ ጀርባ ማንም አይቁም» አለ። መገርሳ ቀድሞ ኮረብታው ላይ ወጥቶ ነበር። ሥሩ ብድግ ብሎ ቆመ፤ ምንም አልወሰደም።

ከዚያ ሰነጠቅን። ሞተሩ ስድስት እርምጃ ሲሄድ መስመሩን አልሳተም። ጎንፋ ከኋላዬ እየተከተለ የተሰነጠቀው እንዳይገጥም ሽብልቅ ይመታል፤ ድምፁን ሰምቶ «ግራ ያዘ» ሲለኝ አቃናለሁ። ጣውላው ሲወድቅ መዳፉን ከዳር እስከ ዳር አሳለፈበት። «ይሄ ወንበር ነው» አለ።

አንድ ነገር አስተዋልኩ። የሞተር መጋዝ ሰጋቱራውን የሚተፋው በያዘው ሰው ላይ ነው። አፍንጫዬም ጆሮዬም ሞላ። ጎንፋ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቆሞ ነበር፤ ልብሱ ንጹሕ ነው።

መስከረም ፳፬

ሃያ ሁለት ጣውላ። ዓይኔ ይቆጠቁጣል። አልተናገርኩም።

መስከረም ፳፰

ሠላሳ ዘጠኝ። አቶ ሙሉብርሃን መጥቶ አየ፤ ኮሌታው ተቆልፏል። «ጋሼ ጎንፋ፣ ላምዎ እንዴት ነች?» አለው። ጎንፋ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ካንዴላውን እጠርግ ነበር።

«ደህና ነች» አለ ጎንፋ። «ብዙ ወልዳለች።»

ጥቅምት ፪

ዛሬ የመጨረሻው ግንድ ነው። ጋሼ ደበሳ የእንጨታቸውን መጨረሻ ልይ ብለው መጥተው ጉቶው ላይ ተቀምጠዋል፤ መገርሳ ጣውላ ይደረድራል። የግንዱ እኩሌታ ላይ ስደርስ ሞተሩ እንደ ጉድ ይጮኽ ነበር፤ ጎንፋ ከኋላዬ ነው። ፊቱን አላየውም፤ ፊቴን አያየውም። ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም ብዬ፣ ቀና ሳልል፣ «ያን ቀን በሰው ፊት ያልኩት ነውር ነበር፤ ይቅር በለኝ» አልኩ። በሞተሩ ጩኸት የራሴን ድምፅ ራሴም አልሰማሁትም። ቀለል አለኝ። ተናገርኩ፤ አለቀ።

ጎንፋ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ሞተሩን አጠፋሁ።

«ምን አልክ?»

«ዘይት አልቋል ነው ያልኩት።»

ጣሳውን አንሥቶ ጆሮው አጠገብ ነቀነቀው። «ዘይቱ ግማሽ ነው።» ጣሳውን አስቀመጠ። «ሌላውንም ሰምቻለሁ።»

«ሞተሩ እየጮኸ?»

«ሃያ አንድ ዓመት ጉድጓድ ውስጥ ሆኜ ስታንጎራጉር ሰምቼሃለሁ፤ ይሄን አልሰማም?» አለ። ከዚያም ፊቱን ወደ ጋሼ ደበሳ መለስ አደረገ፤ ያሉበትን በሳላቸው ያውቃል። «ያኛውን የተናገርከው ሰው ቆሞ ነው። ይሄንንም ሰው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ በለው።»

መገርሳ ጣውላውን እንደ ያዘ ቆመ። ጋሼ ደበሳ ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። የሶር ውሃ ብቻ ከሩቅ ይሰማል።

ቆሜ፣ ቃል በቃል፣ ስሙን ጠርቼ ደገምኩት። ጉድጓዱንም ጨመርኩ፤ ሃያ አንዱን ዓመትም፤ ዓይኑንም። ድምፄ መሐል ላይ ተቆረጠ፤ ሰጋቱራ ነው ልል ነበር፤ አላልኩም። ማንም አልሳቀም።

ጎንፋ እስክጨርስ ጠበቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ሽብልቁን በእጁ ፈልጎ አገኘው።

«በል አስነሣው» አለ።

በአራተኛው ተነሣ።